ጣውላ እንዲለበስ ሲቆረጥ

ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ ሲባል ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎችና በየሱቁ ደጃፍ የተሰቀለው የሐበሻ ልብስ ነው ትዝ የሚለን። ሸማ ከገላ ጋር የሚስማማው ድሩና ማጉ ሳይጣበቁ ስለሚንሸራተቱ ነው። ጣውላና ወፍራም ቆዳ ይህ የላቸውም፤ የሚያለሰልሳቸው መቆረጥ ነው።

የሌዘር መቁረጫ ለአዲስ አበባ እንግዳ አይደለም፤ ማስታወቂያ ቤቶች አክሪሊክና ኤምዲኤፍ እየቆረጡ ፊደል ይሠሩበታል። ለዚህ ሥራ የተለመደው በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ የሚሠራው ነው፤ ኩማር ፓቴል በቤል ላብስ የፈለሰፈው በ1964 እ.ኤ.አ. ነበር። ጨረሩ በመስታወቶች ተንጸባርቆ በሌንስ ይሰበሰብና የነካውን አቃጥሎ ያተነዋል።

3 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ አጥብቀው ቢያጥፉት ቀጭ ይላል። ረድፍ በረድፍ ቀጫጭን ስንጥቅ ካወጡበት፣ ስንጥቆቹም እንደ ጡብ ግንብ መጋጠሚያ እየተዛነፉ ከሄዱ ግን ይጠቀለላል። ጣውላው ሲታጠፍ በስንጥቆቹ መካከል የቀሩት ድልድዮች እያንዳንዳቸው በትንሹ ይጠመዘዛሉ፤ ጫናውን ይካፈሉታል። ስንጥቁ በረዘመ ቁጥር ይለሰልሳል፤ ድልድዩ ከልክ በላይ ከሳሳ ይበጠሳል። ልኩ የሚገኘው ቁርጥራጭ ላይ ደጋግሞ በመሞከር ነው።

እንዲህ ያለው ጣውላ የሚታጠፈው ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። ለአምባር ይበቃል፤ ትከሻ ግን በሁለት በኩል የጎበጠ ነው። ለሱ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች በጫፋቸው ብቻ ተያይዘው እንዲቀሩ ተደርጎ ይቆረጣል። ወደ ጎን ሲስቡት ሁሉም ይዞሩና ቁመቱም አብሮ ይሰፋል። የበርሊኗ ዲዛይነር ኤሊሳ ስትሮዚክ ደግሞ ሌላ መላ አላት፤ ስስ እንጨት በሦስት ማዕዘን እየተቆረጠ ጨርቅ ላይ ይለጠፋል፤ የሚታጠፈው በመካከላቸው ባለው ክፍተት ነው።

ለሽሮ ሜዳስ? ነጠላን ለጨረር አልሰጥም፤ የጥጥ ጠርዝ ተቃጥሎ ይጠቁራል። ተስፋ የማደርገው በቆዳ ነው፤ እሱም በዕፅዋት የለፋው ይሻላል፣ በክሮም የለፋው ሲቃጠል ጢሱ ያሰጋል። ፒቪሲ ያለበት ሰው ሠራሽ ቆዳማ ማሽኑ አጠገብ አይድረስ፤ የሚያወጣው ሃይድሮጅን ክሎራይድ ሳንባ ይጎዳል፣ ብረቱንም ያዝገዋል።

ንድፍ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም። ሸማኔው ድር እየቆጠረ የሚያስገባው ጥለት በቁጥር የተሠራ ነውና ወደ ኮምፒውተር ለመገልበጥ ይመቻል። ብቻ ቆዳ ላይ አንድ ቅርጽ ዙሪያውን ከተቆረጠ ተለይቶ ይወድቃል፤ በየማዕዘኑ ድልድይ መተው ግድ ነው። የት የት እንደሚተው ከሸማኔው ጋር ቁጭ ብሎ መወሰን ያዋጣል፤ የትኛው መስመር ቢቋረጥ ጥለቱ እንደሚበላሽ የሚያውቀው እሱ ነው።