ጭነቱ ሳይመዘን መኪናው አይገዛም
ካራቫን ለመጎተት የሚበጅ ፎር ዊል መኪና ስለ መምረጥ

በቀድሞው ዘመን ነጋዴ በሲራራ ሲጓዝ ጭነቱን ሳይገምት አጋሰስ አይገዛም ነበር። አሞሌውንና ቡናውን፣ ቆዳውንና ሰሙን አስቀድሞ ይመዝንና ለዚህ ሸክም ስንት በቅሎ እንደሚበቃ፣ የትኛዋ ዳገት እንደምትችል፣ የትኛዋስ ቁልቁለት ላይ እንደማትደናበር ለይቶ ካወቀ በኋላ ነው መንገድ የሚጀምረው። ሸክም የበዛባት በቅሎ ዳገቱን እንደ ምንም ብትወጣው እንኳ በቁልቁለቱ ጉልበቷ ይክዳታልና።

ካራቫን የሚለው ቃል ከፋርስ ቋንቋ የወጣ ሲሆን የመጀመሪያው ትርጓሜ ይኸው በኅብረት የሚጓዝ የነጋዴዎች ቅፍለት ነው። ዛሬ ግን በአውሮፓና በአውስትራልያ ካራቫን ሲባል መኝታና ምግብ ማብሰያ ያለው፣ መኪና ከኋላው አስሮ የሚጎትተው ተሳቢ ቤት ማለት ሆኗል። ለንግድ ሰውም ጥቅሙ ጥቂት አይደለም። አገር ጎብኚ ይዞ ለሚዞር ማደሪያ፣ ዕቃውን ከከተማ ወደ ከተማ እያዞረ ለሚያሳይ ሱቅ፣ ለሥራ ተቋራጭ ደግሞ ጽሕፈት ቤት ይሆናል። እንግዲህ ይህን ለማስመጣት ወይም ለመግዛት የሚያስብ ሰው ሁሉ የሚገጥመው የመጀመሪያ ጥያቄ በየትኛው መኪና ልጎትተው የሚለው ነው።

ብዙ ሰው ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚፈልገው ከተሳሳተ ወገን ተነሥቶ ነው። አስቀድሞ መኪናውን በመልኩና በስሙ ይመርጣል፤ ከዚያ በኋላ ተሳቢውን ይገዛል፤ በመጨረሻም ሁለቱን አስሮ ይሞክራል። ትክክለኛው ሥርዓት ግን የዚህ ግልባጭ ነው። አስቀድሞ የተሳቢው ክብደት ከነሙሉ ጭነቱ ይታወቃል፤ ቀጥሎ መንገዱ ይታሰባል፤ መኪናው የሚመረጠው ከሁሉ በኋላ ነው።

ፎር ዊል ድራይቭ፣ ማለትም የሞተሩ ኃይል ለአራቱም ጎማ የሚደርስ መኪና፣ ሁሉ አንድ ዓይነት ጉልበት ያለው የሚመስላቸው አሉ። ይህ ስሕተት ነው። በአውስትራልያ ገበያ ትንሿ ሱዙኪ ጂምኒ ፍሬን ያለው ተሳቢ እስከ 1,300 ኪሎ ብቻ እንድትጎትት ሲፈቀድላት፣ ቶዮታ ላንድ ክሩዘር 300 ግን እስከ 3,500 ኪሎ ይፈቀድለታል። ሁለቱም በአራት ጎማቸው ጭቃ ይወጣሉ፤ ነገር ግን የአንደኛው ሥራ ለሌላው አይሆንም። ጭቃ የመውጣት ችሎታና ሸክም የመጎተት ችሎታ የተለያዩ ናቸውና።

ነገሩ ይበልጥ ግልጽ እንዲሆን አንድ ነጋዴ 2,000 ኪሎ የሚመዝን ካራቫን ለመጎተት አስቦ ወደ መኪና ሻጭ ሄደ እንበል። ሻጩ አንድ መኪና አሳይቶ «ይህ 2,500 ኪሎ ይጎትታል» ይለዋል። ሻጩ አልዋሸም፤ በመኪናው መጽሐፍ የተጻፈው ቁጥር ይኸው ነው። ነጋዴውም አምስት መቶ ኪሎ ትርፍ አገኘሁ ብሎ ደስ ይለዋል። ዳሩ ግን በዚያው መጽሐፍ ሦስት ሌሎች ቁጥሮች ተጽፈዋል። መኪናው ባዶውን 2,200 ኪሎ ነው። ሰውና ዕቃ ጭኖ ከ2,900 ኪሎ ማለፍ አይፈቀድለትም። መኪናውና ተሳቢው በአንድነት ሲመዘኑ ደግሞ ከ4,700 ኪሎ ማለፍ የለባቸውም።

ከእነዚህ ቁጥሮች ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የመጨረሻው ነው። መኪናው ሙሉ ጭነቱን ይዞ 2,900 ኪሎ ከሆነ፣ ከ4,700 ላይ ለተሳቢው የሚተርፈው 1,800 ኪሎ ብቻ ነው። ነጋዴው አምስት መቶ ኪሎ አተረፍሁ ሲል በእውነቱ ሁለት ኩንታል ጎድሎበታል። ይህ ጉድለት በደጅ አይታይም፤ መኪናውም ከሻጩ ግቢ ሲወጣ ያለ ችግር ይጎትታል። ጉድለቱ የሚገለጸው ፍሬን በሚያዝበት ቁልቁለት ላይ ነው።

የመኪናው ጭነት እንዴት እንደሚሞላም ማስተዋል ያሻል። ተሳቢው ክብደቱን ሁሉ በራሱ ጎማ ላይ አያሳርፍም፤ ከፊሉ በመጎተቻው ራስ በኩል በመኪናው ጀርባ ላይ ይጫናል። ይህ ክብደት በአውሮፓ ልማድ ከተሳቢው ክብደት ከመቶ አምስት እስከ ሰባት፣ በአውስትራልያ ደግሞ ከመቶ እስከ አሥር ይደርሳል። ለ2,000 ኪሎ ተሳቢ ከመቶ ሰባት ብንይዝ 140 ኪሎ ይሆናል። አምስት ሰዎች እያንዳንዳቸው 75 ኪሎ ቢመዝኑ 375 ኪሎ ነው። ከተፈቀደው 700 ኪሎ ላይ ይህ ሲነሣ የሚቀረው 185 ኪሎ ብቻ ነው። የብረት መከላከያ፣ የጣሪያ ላይ መጫኛ፣ ተጨማሪ ጎማና የውኃ ጀሪካን ከተጨመሩበት የመንገደኛው ሻንጣ ቦታ ያጣል።

በእንግሊዝ አገር ያሉ የካራቫን ማኅበራት ለጀማሪ ነጂ የሚሰጡት ምክር ከዚህ የጠበቀ ነው። የተሳቢው ክብደት ከባዶው መኪና ክብደት ከመቶ 85 እንዳያልፍ ይመክራሉ። በዚህ ሚዛን 2,200 ኪሎ የሆነው መኪና ሊጎትት የሚገባው 1,870 ኪሎ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ጎታቹ ከተጎታቹ ሲቀል፣ ነጂው ተሳቢውን መምራቱ ቀርቶ ተሳቢው ነጂውን መምራት ይጀምራል። በፍጥነት ላይ ሳለ ነፋስ ሲመታው ወይም ትልቅ የጭነት መኪና ሲያልፈው ተሳቢው እንደ እባብ ወዲያና ወዲህ መወናጨፍ ይጀምራል። ይህ የሚብሰው ደግሞ ከባዱ ዕቃ በተሳቢው ጅራት በኩል ሲጫን ነው። ከባድ ዕቃ ምን ጊዜም ዝቅ ተደርጎ ከተሳቢው ጎማ በላይ በሚገኘው ሥፍራ ይቀመጣል። መወናጨፉ ከጀመረ ነጂው መሪውን ቀጥ አድርጎ ይዞ ነዳጅ መስጠቱን ቀስ ብሎ ሊተው ይገባዋል፤ ፍጥነት ጨምሮ ላምልጥ ማለት ጥፋትን መጨመር ነው።

ስለ ፍሬን የሚነገረው ከሁሉ ይበልጣል። በአውሮፓ ሕግ ከ750 ኪሎ በላይ የሆነ ተሳቢ የራሱ ፍሬን ሊኖረው ግድ ነው። ለአገራችን መንገድ ይህ ቁም ነገር ምን ያህል እንደሚያስፈልግ የዓባይን ሸለቆ የወረደ ሁሉ ያውቀዋል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከአፋፉ እስከ ድልድዩ ድረስ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ያንኑ ያህልም መልሶ ይወጣል። በዚህ ቁልቁለት በእግር ፍሬን ብቻ የሚወርድ ነጂ ፍሬኑ ግሎ የመያዝ ኃይሉን ያጣል። ስለዚህ መኪናው በዝቅተኛ ማርሽ ሞተሩ ራሱ እየያዘው እንዲወርድ የሚያስችል፣ ተጨማሪ ዝቅተኛ የማርሽ ክፍል ያለው ቢሆን ይመረጣል። ለመግዣ የሚሆን መኪና ሲሞከርም ዳገት ላይ ብቻ ሳይሆን ቁልቁለት ላይ ሊሞከር ይገባል።

ከፎር ዊል መኪናዎችም መካከል ልዩነት አለ። አንዳንዶቹ ሁል ጊዜ በአራቱም ጎማ የሚነዱ ሲሆኑ፣ የፊትና የኋላ ጎማዎች በመዞሪያ ላይ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርግ መካከለኛ ዲፈረንሲያል አላቸው። ሌሎቹ ግን ነጂው ሲፈልግ ብቻ አራቱን የሚያገናኙና ይህ ዲፈረንሲያል የሌላቸው ናቸው። የኋለኞቹን በደረቅ አስፋልት ላይ በአራት ጎማ መንዳት ማርሹንና ጎማውን ይጎዳል። ስለሆነም አብዛኛው ጉዞው በአስፋልት የሆነ ሰው የዝናብ ወራት ሲመጣ እንዳይቸገር የፊተኛውን ዓይነት ቢመርጥ ይበጀዋል። በተጨማሪም በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት ረዘም ያለ፣ ከኋላ ጎማው ወደ መጎተቻው ያለው ደግሞ አጠር ያለ መኪና ተሳቢውን አጽንቶ ይይዛል።

የቦታ ከፍታም ሊታሰብ ይገባዋል። አየርን በግፊት የሚያስገባ ተርቦ የሌለው ሞተር ከባሕር ወለል በላይ በየ1,000 ሜትሩ ከኃይሉ ከአሥር አንድ ያህሉን ያጣል። በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ እንዲህ ያለው ሞተር ከአምስት አንድ የሚሆነው ጉልበቱ የለም ማለት ነው። ተርቦ ያለው ሞተር ግን የሚያጣውን አብዛኛውን ይመልሳል። በባሕር ዳርቻ አገር የተጻፈ የሞተር ኃይል በደጋ አገር እንዳለ የሚገኝ አይምሰለን።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በመከልከሉ፣ አስመጪዎች ፊታቸውን ወደ ኤሌክትሪክ መኪና አዙረዋል። አስመጪ ትእዛዙን ከመላኩ በፊት በሥራ ላይ ያለውን መመሪያ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማረጋገጥ እንዳለበት የታወቀ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር በከፍታ ምክንያት ኃይሉ አይቀንስም፤ ከቆመበት ሲነሣም ብርቱ ነው። ነገር ግን ሦስት ነገሮች ይታሰቡ። አንደኛ፣ ተሳቢ ለመጎተት ከቶ ያልተፈቀደላቸው የኤሌክትሪክ መኪናዎች ብዙ ናቸው። ሁለተኛ፣ ካራቫን የሚጎትት የኤሌክትሪክ መኪና በአንድ ሙሌት የሚሄደው ርቀት በግማሽ ያህል ሊያጥር ይችላል። ሦስተኛ፣ ይህ መኪና ቁልቁለት ሲወርድ ሞተሩ ኃይሉን ወደ ባትሪው እየመለሰ ፍጥነቱን ይገታል፤ ባትሪው ግን በአፋፉ ላይ ጢም ብሎ ከተሞላ የሚመለሰውን ኃይል የሚቀበልበት ሥፍራ ስለማይኖረው ይህ እርዳታ ይቀንሳል። ቁልቁለት የሚጠብቀው ነጂ ባትሪውን ጥቂት ጎዶሎ ማስቀረቱ ብልኅነት ነው።

ተሳቢውን ከውጭ የሚያስመጣ ነጋዴም ዕቃው ከየት አገር እንደሚመጣ ይመርምር። የአውሮፓና የአውስትራልያ የመጎተቻ ኳስ ስፋቱ 50 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በአሜሪካ በብዛት የሚሠራበት ሁለት ኢንች፣ ማለትም 50.8 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ቢያንስም አንዱን በሌላው ላይ በግድ ማሰር አደጋ ነው። የአውሮፓ ተሳቢ ፍሬን መኪናው ሲያዝ ተሳቢው ወደ ፊት በሚገፋው ኃይል በራሱ ይሠራል፤ የአሜሪካና የአውስትራልያ ከባድ ካራቫን ፍሬን ግን ብዙውን ጊዜ በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ በመኪናው ውስጥ መቆጣጠሪያ ካልተገጠመለት አይዝም። ከእንግሊዝና ከአውስትራልያ የሚመጣው ካራቫን ደግሞ እዚያ በግራ ስለሚነዳ በሩ በግራ በኩል ነው፤ በቀኝ በምንነዳበት አገር መንገድ ዳር ሲቆም በሩ የሚከፈተው ወደ መንገዱ መካከል ይሆናል። ሕፃን ይዞ ለሚጓዝ ወይም ደንበኛ በበሩ ለሚያስገባ ባለ ሱቅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እንግዲህ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ገዢው አራቱን ቁጥሮች፣ ማለትም የመኪናውን ባዶ ክብደት፣ ከጭነቱ ጋር የሚፈቀድለትን፣ ከተሳቢው ጋር በአንድነት የሚፈቀደውንና መጎተቻው ሊሸከም የሚችለውን በወረቀት ጽፎ ይያዝ። ተሳቢውንም እንደሚጓዝበት ዕቃውን ሁሉ ጭኖ በምድር ሚዛን ያስመዝን። ከዚያም ሾፌሩን ጠርቶ ያማክር፤ መኪናው ከተገዛ በኋላ የሚጠየቅ ሾፌር ምክሩ ለምንም አይጠቅምምና።

አደጋ በደረሰ ጊዜ ፍሬኑን፣ መንገዱንና ሾፌሩን መውቀስ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መምታት ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የተሠራው መኪናው በተገዛበት ቀን፣ ያ ሁለት ኩንታል ሳይቆጠር በቀረበት ሰዓት ነው። በሱቁ ውስጥ ሩብ ኪሎ ቡና እንኳ ሳይመዝን የማይሸጥ ነጋዴ፣ የራሱንና የሰው ሕይወት የሚጭንበትን መኪና ሳይመዝን ሊገዛ አይገባውም።