በርበሬው ሲከሰስ የኖረበት ሕመም

መሐል ሜዳም ሆነ ዓለም ከተማ፣ ጨጓራው የሚያቃጥለው ሰው መጀመሪያ የሚከሰው በርበሬውን ነው፤ ቀጥሎ አረቄውንና የጾሙን ባዶ ሆድ። አልጫ ያሠራል፣ ተልባ ይጠጣል። ሕመሙ ለጊዜው ይበርድና ተመልሶ ይነሣል። በርበሬ ቁስሉን ያቃጥል ይሆናል እንጂ አይፈጥረውም። የብዙዎቹ ቁስል መነሻ ኤች ፓይሎሪ የሚባል ጥምዝ ባክቴሪያ ነው።

ባክቴሪያው ከሰው ጋር ረጅም ዘመን ኖሯል። የዘር ቅንጣቱን የመረመሩ ሳይንቲስቶች፣ ሰው ከ58,000 ዓመት ገደማ በፊት ከምሥራቅ አፍሪካ ሲወጣ በሆዱ ይዞት እንደወጣ ይገምታሉ። ሐኪሞች ግን አሲድ በሞላበት ጨጓራ ባክቴሪያ ይኖራል ብለው አላሰቡም ነበር። ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1982 አውስትራሊያ ፐርዝ ውስጥ በቤተ ሙከራ አራቡት። የሚያምናቸው ሲጠፋ ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጣው፤ በቀናት ውስጥም ጨጓራው ተቆጣ። በ2005 ሁለቱም ኖቤል ተሸለሙ።

እንዴት ይተርፋል? ዩሪያን ወደ አሞኒያ እየለወጠ በዙሪያው ያለውን አሲድ ያለዝባል፤ ከዚያም የጨጓራውን ግድግዳ በሸፈነው ልጋግ ውስጥ ይሸሸጋል።

ብዙ ሰው የሚያዘው በልጅነቱ፣ በገዛ ቤቱ ነው፤ በምራቅ፣ በትውከት፣ በዓይነ ምድር በተበከለ ውሃና ምግብ። በመንዝና በግሼ ደጋ ብርዱ ቤተሰቡን አንድ ባና ሥር ያስተኛል። ባልተጠበቀ ምንጭ መጠጣት፣ ለሕፃን አኝኮ ማጉረስ፣ በውሃ እጥረት እጅ ሳይታጠቡ መብላት ባክቴሪያው የሚሻገርባቸው መንገዶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ፣ በኢትዮጵያ የተሠሩ ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና፣ ከተመረመሩት 52 በመቶ ያህሉ ላይ ምልክቱን አግኝቷል።

ከተያዙት አብዛኞቹ ምንም አይሰማቸውም። በአንዳንዶቹ ግን ጨጓራው ይቆስላል፣ ይደማል፤ ዓይነ ምድራቸው እንደ ሬንጅ ይጠቁራል። ጣጣው ከጨጓራም ያልፋል፦ የብረት ማዕድንና የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ በአንዳንድ ሰው ደግሞ ደም የሚያረጉ ሕዋሳት መመናመን። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1994 ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። ማልት ሊምፎማ የተባለው የጨጓራ ዕጢ በብዙ ሕመምተኞች ላይ ባክቴሪያው ሲጠፋ አብሮ መጥፋቱ ያስደንቃል። በአፍሪካ ግን የጨጓራ ካንሰር የባክቴሪያውን ስርጭት ያህል አልበዛም፤ ምክንያቱ ዛሬም ያከራክራል።

እጅግ የሚያሳዝነው የምርመራው ነገር ነው። የደም ምርመራው የሚያየው ሰውነት ባክቴሪያውን ለመከላከል የሠራውን ነው፤ ያ ደግሞ ከዳኑ በኋላም ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ደም ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ የዳነ ሰው «አልለቀቀኝም» እያለ ደግሞ ደጋግሞ አንቲባዮቲክ ይውጣል። መዳንን የሚያረጋግጠው የዓይነ ምድር ወይም የትንፋሽ ምርመራ ነው፤ እሱም መድኃኒቱ ካለቀ ቢያንስ ከአራት ሳምንት በኋላ። እንደ ኦሜፕራዞል ያለ አሲድ ቀናሽም ከምርመራው በፊት ለሁለት ሳምንት መቆም አለበት። ሕክምናው አሲድ ቀናሽን ከሁለት ወይም ከዚያ በላይ መድኃኒቶች ጋር አጣምሮ፣ ብዙ ጊዜ ለ14 ቀን የሚወሰድ ነው። ሕመሙ ቀለል ሲል መሐል ላይ የሚያቋርጥ ሰው መድኃኒቱን የለመደ ባክቴሪያ ያተርፋል። ለወገብና ለጉልበት ሕመም የሚዋጡት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም፣ ባክቴሪያው ባይኖርም እንኳ ጨጓራ ያቆስላሉ።