አመልካች የአንገት ማሰሪያ ለከብት ነጋዴ ያለው ጥቅምና ጉድለት

አባቶቻችን መንጋቸውን ሲያሰማሩ ከአንዱ ከብት አንገት ላይ ቃጭል ያስሩ ነበር፤ እረኛውም በድምፁ መንጋው ያለበትን ያውቅ ነበር። ዛሬ በቃጭሉ ፈንታ ጂፒኤስ የተባለውን መሣሪያ የያዘ የአንገት ማሰሪያ ለገበያ ቀርቧል። ይህን ዕቃ ለማስመጣትም ሆነ በከብቶቹ ላይ ለማሰር የሚያስብ ነጋዴ ጥቅሙንና ጉድለቱን አስቀድሞ ቢመረምር ይበጀዋል።

የዚህ ሥራ ጅማሬ ንግድ ሳይሆን የአራዊት ጥናት ነበር። በ1961 እ.ኤ.አ. ፍራንክና ጆን ክሬግሄድ የተባሉ ወንድማማች ሊቃውንት በአሜሪካ በየሎውስቶን ፓርክ በድቦች አንገት ላይ የሬድዮ ማሰሪያ አድርገው አካሄዳቸውን ተከታተሉ። የዛሬው መሣሪያ ቢያንስ ከ4 ሳተላይቶች ምልክት ተቀብሎ ያለበትን ስፍራ ያሰላል፤ ይህንንም በሞባይል መረብ ወይም በሳተላይት ወደ ባለቤቱ ስልክ ይልካል። ስለዚህ ከቦረና ተገዝቶ ወደ አዳማ ማድለቢያ የሚጓዝ ሰንጋ የት እንደ ደረሰ ነጋዴው ከሱቁ ሆኖ ለማወቅ ይችላል። በኖርዌይ አገር ደግሞ ኖፌንስ የተባለው ማሰሪያ ፍየሎችን ያለ አጥር ያግዳል፤ ይኸውም ከወሰናቸው ሲደርሱ በመጀመሪያ በድምፅ፥ አልመለስ ሲሉም በቀላል የኤሌክትሪክ ንዝረት ነው።

ጉድለቱም ቀላል አይደለም። መሣሪያው መልእክት ባበዛ መጠን ባትሪው ቶሎ ያልቃል። በሞባይል የሚሠራው መረብ በሌለበት በረሃ ዝም ይላል፤ በሳተላይት የሚሠራው ደግሞ የአገልግሎት ክፍያ አለበት። ማሰሪያው ሲላላ በእሾህ ይያዛል፤ ሲጠብቅ ደግሞ አንገቱ የሚወፍረውን ድልብ በሬ ያቆስላል፥ ቆዳውንም ያበላሻል። የጆሮ ቁጥርንና የእንስሳት ሐኪም የምስክር ወረቀትንም አይተካም። አስመጪም ቢሆን ሬድዮ አስተላላፊ ዕቃ መሆኑን አስቦ፥ ከማዘዙ በፊት የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ፈቃድ መጠየቅ ይገባዋል።

ከሁሉ የሚብሰው ጉድለት ግን ማሰሪያው የሚያመለክተው ራሱን እንጂ ከብቱን አለመሆኑ ነው። በጸሐፊነት የማገለግላቸው ነጋዴ ጥቂት ማሰሪያዎች ገዝተው በሰንጎቻቸው ላይ አሰሩ። ከእንግዲህ ስልኩ ይጠብቃል ተብሎም ወጪ ለመቀነስ የሌሊቱ ዘበኛ ተሰናበተ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ሌሊት ካርታው አንደኛውን ሰንጋ ከበረቱ አጥር አጠገብ አሳየን፤ እኛም ተኝቷል ብለን ተኛን። ሲነጋ ያገኘነው በካራ የተቆረጠውን ማሰሪያ ብቻ ነበር። «ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ» የሚለው ተረት በእኛ ላይ ደረሰ።

ማሰሪያዎቹ ግን አልተጣሉም። ከብቱ ከልክ በላይ ሳይንቀሳቀስ ሲቆይ የሚያስጠነቅቀውን ደወል አስከፈትን። ዘበኛውም ወደ ሥራው ተመልሷል፤ ስልኩን አሁን የሚይዘው እርሱ ነው።