ዝንብን ከአፓርታማ ማስወጣት፦ የሚበረውን ከማሳደድ የሚራባበትን መድፈን

በባሕረ ሰላጤው ከተሞች ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲያልፍ መስኮቶች ይዘጋሉ፣ አየር ማቀዝቀዣዎች ሌት ተቀን ይሠራሉ፣ ሰውም ከቀትር ፀሐይ ሸሽቶ ቤቱ ይከተታል። ከእርሱ ጋር የሚከተት ሌላ ፍጥረትም አለ። ዝንብ ሙቀት ወዳድ ቢሆንም ከ45 ዲግሪ በላይ ያለውን ግለት ለረጅም ጊዜ አይችልም፤ እንደ ሰው ሁሉ ጥላ፣ እርጥበትና ቀዝቀዝ ያለ አየር ይፈልጋል። በሪያድ፣ በጅዳ፣ በዱባይም ሆነ በኩዌት አፓርታማዎች የሚኖሩ ወገኖቻችን በየበጋው ተመሳሳይ አቤቱታ የሚያሰሙት በዚህ ምክንያት ነው። ማታ ፍሊት ተነፍቶ፣ የሞተው ተጠርጎ ይተኛል፤ ሲነጋ ግን ዝንቡ እንደነበረው ነው።

ይህ የሚሆነው ፍሊቱ ደካማ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ነፊው የሚያሳድደው የመንጋውን ጥቂት ክፍል ብቻ ስለሆነ ነው። የቀረው ገና አልበረረም።

የዝንብ ሒሳብ

አንዲት የቤት ዝንብ በአንድ ጊዜ ከ75 እስከ 150 እንቁላል ትጥላለች፤ በጥቂት ሳምንታት ዕድሜዋ ውስጥ የምትጥለው በድምሩ እስከ 500 ይደርሳል። እንቁላሉ በአንድ ቀን ውስጥ ተፈልፍሎ ነጭ ትል ይሆናል። ትሉ በእርጥብ ቆሻሻ ውስጥ ተመግቦ ሲጠግብ ወደ ደረቅ ጥግ ይሸሽና የስንዴ ፍሬ የሚመስል ቡናማ ቅርፊት ለብሶ ይተኛል። ቅርፊቱን ሰብሮ የሚወጣው በራሪው ዝንብ ነው። በሞቃት አየር ይህ ሁሉ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ይጠናቀቃል። ስለዚህ በአንድ ሳምንት ያልተነሣ የቆሻሻ ፌስታል ለዝንብ ሙሉ የማሳደጊያ ቤት ነው።

በመርዝ ብቻ የተደረገው ጦርነት ታሪክም ይህንኑ ያስተምራል። ስዊዘርላንዳዊው ኬሚስት ፓውል ሙለር የዲዲቲን ተባይ ገዳይነት በ1939 አገኘ፤ ለዚህም በ1948 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ሽልማቱን በተቀበለበት ጊዜ ግን ዲዲቲ የማይገድላቸው ዝንቦች በስዊድንና በጣሊያን ከታዩ ዓመት አልፏቸው ነበር። ከመርዙ የተረፉት ጥቂቶች ተዋልደው መርዙን የሚችል ትውልድ አፍርተዋል። ከዚያም ወዲህ በወጡ ልዩ ልዩ መድኃኒቶች ላይ ተመሳሳይ ነገር ተደጋግሟል።

ጉዳዩ የመሰላቸት ብቻ አለመሆኑንም ማስታወስ ይገባል። ዝንብ ጥርስ የለውም፤ ደረቅ ምግብ ላይ ሲያርፍ ከሆዱ ፈሳሽ አውጥቶ ያቀልጠውና መልሶ ይመጠዋል። ቀድሞ ያረፈበት ቦታ መጸዳጃ ቤት ከነበረ የዚያን ቦታ ተሕዋስያን ይዞ ይመጣል። በፓኪስታን መንደሮች ተካሂዶ በ1999 የታተመ ጥናት ዝንብን በመቆጣጠር ብቻ የሕጻናት ተቅማጥ በ23 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። አገር ቤት ዝንብ በሕጻናት ዐይን ዙሪያ ሲርመሰመስ ያየ ሰው ደግሞ ከትራኮማ ጋር ያለውን ዝምድና አይስተውም፤ ኢትዮጵያ ዛሬም ይህ በሽታ እጅግ ከሚበረታባቸው አገሮች አንዷ ናት።

መጀመሪያ የትኛው ዝንብ እንደሆነ ይለዩ

በአፓርታማ ውስጥ የሚታየው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ዓይነቱ የት እንደሚራባ ስለሚናገር፣ አንድ ሁለቱን ገድሎ ቀረብ ብሎ ማየት ብዙ ድካም ይቀንሳል።

ግራጫ መልክ ያለውና በጀርባው ላይ አራት ጥቁር መስመሮች የተሰመሩበት የቤት ዝንብ ነው። ምንጩ የቆሻሻ መጣያ፣ የእንስሳት ፍግ ወይም የበሰበሰ ምግብ ነው። ብዙ ጊዜም የሚራባው ከቤቱ ውጭ፣ በሕንጻው የቆሻሻ ክፍል ወይም መንገድ ዳር በቆመው የቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ነው።

ከሦስት ሚሊ ሜትር የማይበልጥና ዐይኑ ቀይ የሆነው የፍራፍሬ ዝንብ ነው። የሚስበው የመፍላት ሽታ ነው። በእኛ ሰው ቤት ለዚህ የተመቸ ነገር አይጠፋም፦ በባልዲ የተቦካ የእንጀራ ሊጥ፣ ከሥር የላላ ሽንኩርት፣ በበጋ የሚደርሰው እርጥብ ተምር፣ ከታጠበ በኋላ ዝቃጩ የቀረበት የጭማቂ ጠርሙስ። ሊጡን በጨርቅ ጣል አድርጎ መተው አይበቃም፤ ጨርቁ በላስቲክ መወጠር፣ ከላዩም ክዳን መግጠም አለበት። ከባልዲው አፍ ላይ የደረቀው ሊጥም በየጊዜው ይጠረግ።

ጸጉራምና ትንሽ የእሳት እራት የሚመስል፣ መብረር የሰነፈና የመታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የሚውል ደግሞ የፍሳሽ ዝንብ ነው። የሚኖረው በፍሳሽ ቧንቧ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ በሚጋገረው ሙልጭልጭ ዝቃጭ ውስጥ ነው። ከዕቃ ማጠቢያ የሚደፋ ሊጥ፣ ዘይትና የቡና አተላ ይህን ዝቃጭ ይቀልበዋል።

አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ብረት የሚያንጸባርቅ ትልቅ ዝንብ በድንገት በብዛት በመስኮት ላይ ከታየ ምንጩ ሥጋ ወይም የሞተ እንስሳ ነው። ጣሪያና በረንዳ ላይ የሞተ ርግብ፣ ከኮርኒስ በላይ የሞተ አይጥ ይፈለግ። ዒድ አል-አድሓ በዚህ ሰሞን ከበጋው መግቢያ ጋር ስለሚገጥም፣ ደም የነካው ፌስታልና አጥንት ሳያድር ከቤት መውጣት አለበት። የዚህ ዝንብ እንቁላል ሌሊቱን ሊፈለፈል ይችላል።

ምንጩን መፈለግ

ዓይነቱ ከታወቀ በኋላ ፍለጋው ከወጥ ቤት ይጀምራል። የቆሻሻ መጣያውን ፌስታል ብቻ ሳይሆን ባልዲውን አንሥተው ሥሩን ይዩ፤ ከፌስታሉ አፈትልኮ በባልዲው መቀመጫ ላይ የቋጠረው ፈሳሽ ብዙ ጊዜ ዋናው ተጠያቂ ነው። ቀጥሎ ከምድጃና ከፍሪጅ በስተ ኋላ፣ ከፍሪጅ ሥር ውኃ የሚጠራቀምበት ትሪ፣ እርጥብ ሆኖ የተተወ መወልወያና ባልዲው፣ የድንችና የሽንኩርት ማስቀመጫ ይመረመራሉ።

የፍሳሽ ቀዳዳዎችን ለመመርመር ቀላል ዘዴ አለ። ማታ ከመተኛትዎ በፊት ግልጽ ፕላስተር ሙጫው ወደ ታች ሆኖ በቀዳዳው ላይ አየር እንዲያልፍ ክፍተት ትተው ይለጥፉ። ጠዋት ዝንብ ተጣብቆ ከተገኘ ምንጩ ታውቋል። በየቀኑ ስለማይወጣ ግን ሙከራውን ለሦስትና ለአራት ሌሊት መድገም ያስፈልጋል።

በባሕረ ሰላጤው ቤቶች የሚዘነጉ ሁለት ቦታዎች አሉ። አንዱ ከአየር ማቀዝቀዣው ውኃ የሚያወርደው ቱቦ ነው፤ ቱቦው ሲደፈን ውስጡ አረንጓዴ ዝቃጭ ይይዛል፣ ጫፉ የሚያርፍበት ባልዲም ውኃ አቁሮ ይከርማል። ሌላው ለዕረፍት ተዘግቶ የከረመ ቤት ነው። ከእያንዳንዱ የፍሳሽ ቀዳዳ ሥር ቧንቧው የሚታጠፍበት ቦታ ውኃ ይቋጥራል፤ ያ ውኃ ለሽታና ለተባይ በር ነው። ባለቤቱ አገር ቤት ሄዶ ሲከርም ውኃው ይተንናል፣ በሩም ይከፈታል። ከመጓዝዎ በፊት በየቀዳዳው ውኃ አፍስሰው ጥቂት የምግብ ዘይት ቢያክሉበት ዘይቱ ውኃው ቶሎ እንዳይተን ያግዳል።

ማጽዳት፣ መክደን፣ ማጥመድ

የፍሳሽ ቧንቧ ዝቃጭ በረኪና በመድፋት ብቻ አይነሣም፤ በረኪናው በላዩ ላይ ተንሸራቶ ያልፋልና። ረጅም እጀታ ባለው ብሩሽ መፋቅ፣ ከዚያም በሙቅ ውኃና በሳሙና ማጠብ ይሻላል። በረኪናን ከአሲድነት ካለው የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ፣ ከኮምጣጤም ሆነ ከአሞኒያ ጋር ፈጽሞ አይቀላቅሉ። ውህደቱ ሳንባን የሚያቃጥል ጋዝ ያወጣል፤ ጠባብና መስኮት አልባ በሆነ መታጠቢያ ቤት ውስጥ አደጋው ከባድ ነው።

አባቶች ዝንብ ቢሰበሰብ ጋን አይከፍትም ይላሉ። ምሳሌው የተነገረው ለሌላ ነገር ቢሆንም በቃሉ ቢወሰድ ከማንኛውም መርዝ የሚበልጥ ምክር ነው፤ ክዳን ባለበት ቤት ዝንብ አይራባም። መጣያው ክዳን ይኑረው፣ ፌስታሉ አፉ ታስሮ በየቀኑ ይውጣ፣ የተረፈ ምግብ ተሸፍኖ ፍሪጅ ይግባ። በሚከፈት መስኮት ላይ የሽቦ ወንፊት፣ ከበር ሥር ላለው ክፍተት ጎማ ይደረግ። ዝንብ በነፋስ ውስጥ መብረር ስለሚቸገር በማዕድ አጠገብ የሚሽከረከር ማራገቢያም ትልቅ እገዛ ነው።

የተረፉትን በራሪዎች ለማጥመድ ሙጫ ወረቀት ለቤት ዝንብ ይበቃል። ለፍራፍሬ ዝንብ በብርጭቆ ኮምጣጤ ላይ አንድ ሁለት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይጨመር፤ ሽታው ይስበዋል፣ ሳሙናው የፈሳሹን ገጽ ስለሚያላላ መቆም አቅቶት ይሰጥማል።

አስቸጋሪዎቹ 10 ቀናት

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። ምንጩ ከጸዳ በኋላም ቀድሞ ወደ ደረቅ ጥግ የሸሹት በቅርፊት ውስጥ ያሉት መውጣታቸውን አያቆሙም። ለሳምንት፣ አንዳንዴም ለ10 ቀን ያህል አዳዲስ ዝንብ ይታያል፤ የፍሳሽ ዝንብ ከሆነ ሁለትና ሦስት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ይህ ሥራው አለመሳካቱን አያሳይም። ቁጥሩ ከቀን ወደ ቀን ከቀነሰ መንገዱ ትክክል ነው፤ ካልቀነሰ ያልተገኘ ሌላ ምንጭ አለ።

ትዕግሥቱ ቀላል ነው የሚል የለም። በ9ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የባስራው ጸሐፊ አል-ጃሒዝ «ኪታብ አል-ሐየዋን» በተባለው መጽሐፉ የአንድ ዳኛ ታሪክ ተርኳል። ዳኛው በችሎት ሲቀመጡ ባለመንቀሳቀሳቸውና በግርማቸው የታወቁ ነበሩ። አንድ ዝንብ አፍንጫቸው ላይ፣ ከዚያም የዐይናቸው ጥግ ላይ አርፎ እየተመላለሰ ሲያስቸግራቸው እስከ መጨረሻው ቢታገሡም በሰው ሁሉ ፊት እጃቸውን አንሥተው ለማባረር ተገደዱ። ዝንብ ታላላቆችንም ይረታል።

ይሁን እንጂ ዛሬ ትዕግሥት ያለቀበት ሰው እጁን የሚሰድደው ወደ ከፋ ነገር ሊሆን ይችላል። አገር ቤት የነቀዝ መድኃኒት ተብሎ የሚታወቀው አሉሚኒየም ፎስፋይድ በባሕረ ሰላጤው ከተሞች ለትኋን፣ ለበረሮና ለሌላም ተባይ በድብቅ ይሸጣል። ክኒኑ ከአየር እርጥበት ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የተባለ ጋዝ ያወጣል። ጋዙ በግድግዳ ስንጥቅ፣ በቧንቧና በአየር ማስተላለፊያ በኩል ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ይሻገራል፤ ማርከሻም የለውም። በሻርጃና በጅዳ ጎረቤት ባስቀመጠው በዚህ መርዝ ምክንያት በተኙበት ቤት የታመሙ ሕጻናት ሕይወታቸው አልፏል። በተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ይህን መርዝ በመኖሪያ ቤት መጠቀም የተከለከለ ነው።

ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ የደረት መጨነቅና ማዞር ናቸው፤ ስለዚህ ብዙዎች የምግብ መመረዝ ይመስላቸዋል። በአንድ ቤት ያሉ ሰዎች በአንድ ጊዜ ከታመሙ፣ በተለይም የነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ ዓሣ ዓይነት ሽታ ካለ፣ ሁሉም ወዲያው ወደ ውጭ ይውጡ፤ አምቡላንስም ይጠራ። ቁጥሩ በሳዑዲ ዓረቢያ 997፣ በኤምሬቶች 998 ነው። ስም የሌለው ክኒን ወይም በጠርሙስ የተገለበጠ ፈሳሽ ይዞ የሚመጣን ሰው ፈቃዱን ሳያዩ ወደ ቤት አያስገቡ።

የጋራ ቤት፣ የጋራ ኃላፊነት

በአንድ ክፍል ለብዙ ሆኖ መኖር በአካባቢው ለሚሠሩ ብዙ ወገኖች የዕለት ኑሮ ነው። በእንዲህ ያለ ቤት የአንዱ ጽዳት በሌላው ቸልታ ይፈርሳል። ቆሻሻ የማውጣት ተራ በጽሑፍ ሰፍሮ በር ላይ ቢለጠፍ ጭቅጭቅም ዝንብም ይቀንሳል። ምንጩ የሕንጻው የቆሻሻ ክፍል ወይም የጋራ ፍሳሽ ከሆነ ለሕንጻው ሐሪስና ለአስተዳዳሪው በፎቶ የተደገፈ አቤቱታ ማቅረብ፣ መልስ ከጠፋ ጉዳዩን ለበለዲያ ማሳወቅ ይገባል። ከጎረቤት ጋር ተነጋግሮ በአንድ ቀን ማጽዳት ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል፤ ዝንቡ ከተጸዳው ቤት ወደ አልተጸዳው መሸሽ አይችልምና።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ባለሙያ ማስጠራት ካስፈለገ ከበለዲያ ፈቃድ ያለው ድርጅት ይመረጥ። ምን ዓይነት መድኃኒት እንደሚጠቀም፣ ቤቱ ለስንት ሰዓት መዘጋት እንዳለበትና ለጎረቤት ማን እንደሚነግር አስቀድሞ ይጠየቅ። ሦስቱን ጥያቄዎች በግልጽ የማይመልስ ሰው መድኃኒቱን ይዞ እንዲመለስ ማድረግ የቤቱ ሰው መብት፣ ለጎረቤቱም ያለበት ግዴታ ነው።