የወፍ ጉንፋንና የወጥ ቤታችን ጥንቃቄ

ዶሮና እንቁላል የማይገባበት ወጥ ቤት ስለሌለ የወፍ ጉንፋን ነገር ሁላችንንም ይመለከታል።

በሽታውን የሚያመጣው ቫይረስ ነው። የዱር ወፎች፣ በተለይም ዳክዬዎች፣ ከአገር አገር ይዘውት ይበራሉ። ዶሮ ቤት ከገባ ደግሞ በጥቂት ቀናት መንጋውን ይጨርሳል። በዲሴምበር 2021 እ.ኤ.አ. በሰሜን እስራኤል፣ ሁላ በሚባለው ሸለቆ፣ ክሬን የሚባሉ አንገተ ረጃጅም ወፎች ከ5,000 በላይ ሞቱ። በአካባቢውም በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ዶሮዎች እንዲወገዱ ተደረገ። የእነዚህ ወፎች ወገኖች በበጋ እስከ ጣና ሐይቅ ድረስ ይመጣሉ።

በግብፅ በሽታው በ2006 እ.ኤ.አ. በዶሮዎች ላይ ከታየ በኋላ፣ ከታመሙት ሰዎች ብዙዎቹ በቤታቸው ዶሮ የሚያረቡና የሚያርዱ ሴቶች፣ እንዲሁም ልጆች ነበሩ።

በሚገባ የበሰለ ዶሮ አያሰጋም። አደጋው በታመመ ወፍ ላባ፣ ደምና ኩስ ላይ ነው። ስለዚህ፦

• የሞተ ወፍ በባዶ እጅ አትንኩ። ማዳም «አንሺው» ብትላችሁ ጓንት ጠይቁ።
• ሥጋው ቀይነቱ እስኪጠፋ፣ የእንቁላሉ አስኳል እስኪጠነክር አብስሉ።
• ጥሬ ዶሮ በቆረጣችሁበት ቢላዋና መክተፊያ ሳታጥቡት ሰላጣ አትክተፉበት።
• ላባ ከነጫችሁ ወይም ብልት ካወጣችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

የታመመ ወይም የሞተ ወፍ ነክታችሁ ትኩሳትና ሳል ቢይዛችሁ፣ «ሥራዬን አጣለሁ» ብላችሁ አትደብቁ። ወፍ መንካታችሁን ለሐኪሙ ንገሩ፤ መድኃኒቱ ይበልጥ የሚረዳው ቶሎ ሲጀመር ነውና። አገር ቤት የሚጠብቋችሁ ከምትልኩት ገንዘብ ይልቅ የእናንተን ጤና ይፈልጋሉ።