ከቱቦው በላይ፣ ከቱቦው በታች

ከራያዋ ጎብዬ ተነስቶ በወልዲያና በደሴ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መንገደኛ ኮምቦልቻን ሳይረግጥ አያልፍም። ለወሎ ሰው የፋብሪካ ከተማ እሷ ናት፤ ጨርቃ ጨርቁም፣ ቢራውም፣ ቆዳውም፣ ሥጋውም፣ ብረታ ብረቱም እዚያ ነው። ፍሳሻቸውን የሚሸከሙት ደግሞ ለዮሌና ወርቃ የተባሉ ሁለት ትንንሽ ወንዞች ናቸው። እነሱ ወደ ቦርከና፣ ቦርከናም ወደ አዋሽ ይገባል።

የደፈረሰና የሚሸት ውሃ ማንንም አያታልልም። ጉዳት ለማድረስ የሚበቃ ክሮሚየም ወይም እርሳስ ግን ቀለምም ሽታም ሳይኖረው ውሃ ውስጥ ሊኖር ይችላል። የትኛው ፋብሪካ ምን ያህል ብረት እንደሚለቅ በቁጥር ሳይታወቅ ዓመታት አለፉ።

ይህን ሊለኩ የተነሱት የወሎ ዩኒቨርሲቲው እስክንድር ዝናቡና በኔዘርላንድ ዴልፍት የሚገኘው የውሃ ትምህርት ተቋም ባልደረቦቻቸው ናቸው። በ2005 እና በ2006 ዓ.ም. ክረምት ከአምስት ፋብሪካዎች ፍሳሽ፣ እንዲሁም ከወንዞቹ ናሙና ወሰዱ። ለብረት ምርመራ የተቀዳ ውሃ ላይ ጥቂት ናይትሪክ አሲድ ይጨመራል፤ አለዚያ ብረቱ ከጠርሙሱ ግድግዳ ጋር ይጣበቅና ውሃው ንጹሕ መስሎ ይገኛል። ክረምት ወንዝ የሚሞላበት፣ ፍሳሽም የሚቀጥንበት ወቅት መሆኑን ልብ ይሏል።

ውጤቱ ሲመጣ ተጠርጣሪዎቹ አንድ በአንድ ወጡ። የቢራው፣ የጨርቃ ጨርቁና የሥጋው ፍሳሽ ከብረት ገደብ አላለፈም። መዳብ በሁሉም ዘንድ ዝቅተኛ ነበር። እርሳስ በቆዳው ፍሳሽ ከፍ ቢልም ከገደቡ በታች ነው። ሁለት ብቻ ቀሩ። በቆዳ ፋብሪካው ፍሳሽ የክሮሚየም መካከለኛ ልክ በሊትር 26.6 ሚሊ ግራም፣ በብረታ ብረቱ ፍሳሽ የዚንክ መካከለኛ ልክ 155.75 ሚሊ ግራም ሆኖ ተገኘ፤ ሁለቱም ከኢትዮጵያ ገደብ እጅግ ያለፉ ናቸው።

ክሮሚየሙ ከየት መጣ? ጥሬ ቆዳ እንዳይበሰብስ በክሮሚየም ጨው ይለፋል፤ ቆዳው ያልጠጣው ጨው ከውሃው ጋር ይወጣል። ዚንክ ደግሞ ብረት እንዳይዝግ የሚለበጥበት ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያስደነግጠኝ የለዮሌ ቁጥር ነው። ከቆዳ ፋብሪካው በላይ በሊትር 51 ማይክሮ ግራም የነበረው ክሮሚየም፣ ፍሳሹ ከተቀላቀለ በኋላ 2,660 ደረሰ፤ 52 እጥፍ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ልክ 50 ነው። ስለዚህ ከላይ ያለው ውሃ ራሱ ጫፍ ላይ ነበር። ለቆዳ ማልፊያ የሚውለው ክሮሚየም ከሌላው የክሮሚየም ዓይነት ይልቅ መርዛማነቱ ያነሰ መሆኑ እውነት ነው፤ ይህን ያህል ወንዝ ውስጥ ለመልቀቅ ግን ምክንያት አይሆንም።

ሕግ አልጠፋም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ጥናቱ ሲጀመር አሥር ዓመት አልፎት ነበር። ተመራማሪዎቹ በ2010 ዓ.ም. ባሳተሙት ጽሑፍ የጠቆሙት የአስፈጻሚውን አቅም ማነስና ኢንቨስትመንትን የሚያበረታታው ፖሊሲ ከአካባቢ ቁጥጥሩ ጋር አለመጣጣሙን ነው።

እኛ ራያዎች የቆቦ ጊራናን የከርሰ ምድር ውሃ በፓምፕ እየሳብን ቀይ ሽንኩርትና ቲማቲም እናለማለን። ለዮሌ ላይ ጥፋቱን ያጋለጠው ከፋብሪካው የፍሳሽ ቱቦ በላይ የተቀዳው ጠርሙስ ነው። በእኛ ሜዳ ፋብሪካ ከመተከሉ በፊት የጉድጓዶቻችንና የወንዞቻችን ውሃ ተለክቶ ቁጥሩ በወረዳው መዝገብ ይቀመጥልን፤ ገበሬውም የራሱን ጉድጓድ ቁጥር ይወቀው።