ችግኝ ዕቃ አይደለም

ይድረስ ለክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፤

በዚህ ዐምድ ስለ መንገድ፣ ስለ ውሃና ስለ ገበያ ዋጋ የሚጻፈውን የአንባብያን አስተያየት ዘወትር በደስታ እከታተላለሁ። ዛሬ ደግሞ እኔ በበኩሌ ብዙ ሰው ልብ የማይለውን፣ ነገር ግን ጓሮውን የሚያለማውን ሁሉ የሚመለከት አንድ ጉዳይ ለማሳሰብ ስለ ፈለግሁ፣ ይህች ጽሑፍ በጋዜጣዎ ላይ ቦታ እንድታገኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ጉዳዩም ችግኝና ለተከላ የሚሆን ቀንበጥ በሕዝብ ማመላለሻ መኪና ላይ ስለሚደርስበት አያያዝ ነው።

ፖም፣ ዛሬ ብዙ ሰው አፕል የሚለው ፍሬ፣ በአገራችን ደጋማ ቦታዎች እየተለመደ መምጣቱ የታወቀ ነው። በሚሲዮናውያን እጅ ወደ ጨንጫ ደጋ ከገባ ከስልሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ከዚያም ወዲህ ወደ ሌሎች ደጋዎች ተዛምቷል። እኔ በምኖርበት በአሰላም በየጓሮአችን የተከልን አለን። አብዛኞቻችን የያዝነው አና የሚባለውን ዐይነት ነው። አና ብርቱ ብርድ ለረጅም ጊዜ ስለማይሻ ለአየራችን ይስማማል፤ ሆኖም አንድ ጠባይ አለው። ብቻውን ሲተከል አበባው ዛፉን ሞልቶት ሳለ ፍሬው በጣት የሚቆጠር ይሆናል። በቂ ፍሬ እንዲይዝ በዚያው ጊዜ የሚያብብ ሌላ ዐይነት ፖም በአጠገቡ ሊኖር፣ ንብም የአበባውን ብናኝ ከአንዱ ወደ ሌላው ልታመላልስ ይገባል። ለአና ተስማሚ ጓደኛ የሆነው ዶርሴት ጎልደን የሚባለው ነው። ለዚህም ሌላ ዛፍ መትከል ግድ አይደለም። ከዶርሴት ጎልደን የተቆረጠ አንድ ቀንበጥ በአናው ቅርንጫፍ ላይ ስንጥቅ ተበጅቶለት ቢጣበቅና ቢይዝ፣ ያ ቅርንጫፍ አድጎ ሲያብብ ለዛፉ ሁሉ ይበቃል።

ከጎረቤቶቼ አንዲት ባላቸው የሞተባቸው እናት ስድስት እግር አና ተክለዋል። የፍሬው ዋጋ ለልጆቻቸው ደብተርና የደንብ ልብስ ይሆናል ብለው ነበር፤ ነገር ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ከአበባ በቀር ይህ ነው የሚባል ፍሬ አላዩም። ከዚህ የተነሣ ዛፎቹን ቆርጠው በቦታው ጎመን ለመትከል ቆርጠው ተነሡ። እኔም «እማማ፣ እስከ ጥር ብቻ ይታገሡኝ፤ ጓደኛውን አመጣልዎታለሁ» ብዬ ለመንኋቸው። ሌሎች አምስት ጎረቤቶቼም በዚሁ ተስፋ ይጠባበቁ ነበር።

ተስፋችንም እንዲያው ባዶ አልነበረም። በአዲስ አበባ ጓሮአቸውን የሚያለሙ ሰዎች ያቋቋሙት አንድ አነስተኛ ማኅበር አለ፤ እኔም አባል ነኝ። ማኅበሩ በየዓመቱ በጥር ወር፣ የፖም ዛፍ ቅጠሉ ተራግፎ ዐይኑ ገና ሳይነቃ፣ ስብሰባ ያደርጋል። በዚያን ቀን አባል ሁሉ ከጓሮው ያለውን ቀንበጥ ያመጣል፤ የሌለውን ይወስዳል። በጥር 2017 ዓ.ም. በተደረገው ስብሰባ ዶርሴት ጎልደን ያላቸው አንድ አባል እንደሚገኙ አስቀድሞ በስልክ ተነገረኝ። እኔም በለውጡ እንድሰጥ አርባ የአና ቀንበጦች ቆረጥሁ። እያንዳንዱ የእርሳስ ያህል ውፍረት፣ የስንዝር ያህል ርዝመት ያለው ነው። በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ በላዩ የኮባ ቅጠል ደርቤ፣ በገመድ አሰርሁት። የተቆረጠ ቀንበጥ ሥር ስለሌለው የሚኖረው በያዘው እርጥበት ብቻ ነው። ጥላና ቅዝቃዜ ካገኘ ብዙ ቀን ይቆያል፤ ፀሐይና ነፋስ ካገኘው ግን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ደርቆ ማገዶ ይሆናል።

ስብሰባው የሚጀመረው ከረፋዱ በ5 ሰዓት ስለ ነበር ከንጋቱ በ11 ሰዓት መናኸሪያ ደረስሁ። የተሳፈርሁበት መለስተኛ አውቶቡስ «አሁን ይነሣል» እየተባለ እስኪሞላ ድረስ ሲጠብቅ 1 ሰዓት ከሩብ ሆነ። ጥቅሉን በጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥሁ። ከከተማው ወጣ እንዳልን ረዳቱ ትርፍ ሰዎች አሳፈረና በመተላለፊያው ላይ ዱካ አስቀመጠላቸው፤ ወዲያውም ጥቅሌን አንሥቶ ወደ ፖርቶ መጋላ ሊያወጣው ጠየቀኝ።

«ልጄ፣ ይህ ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ፀሐይ ይገድለዋል» አልሁት።

«አባባ፣ እንጨት አይደል እንዴ! እንጨት ምን ይሆናል?» ብሎ ከእጄ ወሰደው። ለሾፌሩ ብናገርም «ዕቃ ላይ ነው የሚጫነው» ከማለት በቀር መልስ አልሰጠኝም።

አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ያህል ከፍታ ስላላት የጥር ጠዋት ካፖርት ያስለብሳል። መንገዱ በኢተያና በደራ አድርጎ ወደ አዳማ ሲወርድ ግን ከፍታው ወደ 1700 ሜትር ዝቅ ይላል፤ ካፖርቱም ሸክም ይሆናል። ደራን አልፈን ብዙም ሳንሄድ የኋላ ጎማ ፈነዳ። ትርፍ ጎማ ነበረ፤ ክሪኩ ግን አይሠራም። ሌላ መኪና ቆሞ ክሪክ እስኪያውሰን ድረስ ሁለት ሰዓት በሜዳ ላይ ቆየን። በዚህ ጊዜ ረዳቱን ለምኜ ጥቅሌን አስወረድሁ። የሽንኩርት ጆንያ ተጭኖት የኮባው ቅጠል ተቀዳዷል፤ ጨርቁም ከፀሐይና ከነፋስ የተነሣ እንደ ብራና ደርቋል።

እግዚአብሔር ሳይደግስ አይጣላም እንዲሉ፣ ከተሳፋሪዎቹ መካከል የገሾ ችግኝ በመሸጥ የሚተዳደሩ አንዲት ሴት ነበሩ። ማንም ሳይጠይቃቸው ለመንገድ የያዙትን የመጠጥ ውሃ በጨርቁ ላይ አፈሰሱልኝና «ከመኪናው ጥላ ሥር አድርገው፤ ከእንግዲህም ከእጅህ አታውጣው» አሉኝ። ከዚያም አንድ በአንድ መረመርናቸው። ምርመራው ቀላል ነው። ልጡ በጥፍር ጥቂት ሲፋቅ ከሥሩ አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ ሕይወት አለው፤ ቡናማና ደረቅ ከሆነ አልቆለታል። ከአርባው አሥራ አራቱ ብቻ ተርፈው ተገኙ።

አዲስ አበባ ገብቼ፣ ታክሲ ተሰልፌ፣ ከስብሰባው ቦታ የደረስሁት በ9 ሰዓት ነው። ስብሰባው ተበትኗል። ባለ ዶርሴት ጎልደኑ አባል እስከ 8 ሰዓት ጠብቀው ሲያጡኝ፣ በቦታው የተገኙት አባላት በሚገባ ተከፋፍለውታል። ሆኖም «የአሰላው ሰው ከመጣ ስጠው» ብለው አምስት ቀንበጥ በእርጥብ አሸዋ ተክለው ከዘበኛው ዘንድ ትተውልኛል። እኔም የተረፉትን አሥራ አራቱን የአና ቀንበጦች ለእሱ አደራ ሰጥቼ በማግስቱ ተመለስሁ። ከአምስቱ ሦስቱ ያዙ። ሁለቱ በእናቲቱ ዛፎች ላይ፣ አንዱ በሌላ ጎረቤት ዛፍ ላይ አቆጥቁጠዋል። መጥረቢያው ለጊዜው ተመልሷል፤ የቀሩት አራት ጎረቤቶች ግን ሌላ ዓመት መጠበቅ ግድ ሆነባቸው። የፖም ቀንበጥ የሚጣበቅበት ወቅት ካለፈ እንደ አውቶቡስ በማግስቱ አይገኝምና።

ይህን ሁሉ የጻፍሁት አንድን ረዳት ለመክሰስ አይደለም። እሱ ያየው እንጨት ነው፤ እንጨት መስሎ የሚታየው ነገር የአንድ ቤተ ሰብ የዓመት ገቢ መሆኑን ማንም አልነገረውም። ባሕር ዛፍ ከባሕር ማዶ ወደ አገራችን የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከመድረሱ ከብዙ ዓመታት በፊት ነው። መኪናም ሆነ ባቡር ሳይኖር ያ ከተቻለ፣ ዛሬ በአስፋልት መንገድ አንድ እስር ቀንበጥ ከአሰላ አዲስ አበባ በደኅና መድረስ ሊያቅተው አይገባም ነበር። አረንጓዴ አሻራ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ስለ መትከል ብዙ ተነግሮናል፤ ስለ ማጓጓዝ ግን የተነገረን ጥቂት ነው።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት የሚከተሉት ነገሮች ቢደረጉ መልካም ይመስለኛል።

አንደኛ፤ የአውቶቡስ ባለንብረቶች ለሾፌሮቻቸውና ለረዳቶቻቸው ችግኝና ቀንበጥ ጣሪያ ላይ እንዳይጫን ቢያስገነዝቡ። በጭን የሚያዝ ከሆነ ለባለቤቱ ይተውለት፤ ከዚያ የበለጠ ከሆነ ተገቢው ዋጋ ተከፍሎበት በውስጥ በጥላ ቦታ ይቀመጥ።

ሁለተኛ፤ ከመነሣት በፊት ክሪክና ትርፍ ጎማ መኖሩ ብቻ ሳይሆን መሥራቱም ይመርመር። ይህስ ለቀንበጥ ብቻ ሳይሆን ለሕመምተኛና ለነፍሰ ጡርም የሚጠቅም ነው።

ሦስተኛ፤ የአትክልት ማኅበራት ከሩቅ የሚመጣውን አባል አስበው ስብሰባቸውን ከሰዓት በኋላ ቢያደርጉ፣ ለቀረውም ሰው ድርሻውን በእርጥብ አሸዋ ቢያቆዩለት። ጋን በጠጠር ይደገፋል፤ አምስቱ ቀንበጥ ባይቀመጡልኝ ኖሮ ባዶ እጄን በተመለስሁ ነበር።

አራተኛ፤ ቀንበጥ ይዞ የሚጓዝ ሰው ጨርቁን የሚያርስበት ውሃ በጠርሙስ ይያዝ፤ በጥቅሉም ላይ «ሕይወት ያለው ተክል» ብሎ በትልቁ ይጻፍበት።

ገንዘብ ቢጠፋ ሠርቶ ይተካል፤ የተክል ወቅት ግን ካመለጠ የሚመለሰው በዓመቱ ነው። የሚመለከታቸው ሁሉ ይህን እንዲያስቡበት፣ ሌሎች አንባብያንም በየበኩላቸው የሚያውቁትን ዘዴ በዚሁ ዐምድ እንዲያካፍሉን እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
አንድ የጓሮ አትክልት ወዳጅ
ከአሰላ